ለፋይል ካቢኔት የተጠየቀ ይቅርታ

ለሩቅም ለቅርብም ይታወቅ፦ የአራት መሳቢያ ገዥ፣ የሁለት ማኅተም ጠባቂ፣ የአንዲት ተሽከርካሪ ወንበር ብቸኛ ባለቤት የሆነው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የፊልም ተዋናይ ሆኗል። የተቀመጣችሁ ተነሡለት!

ፊልሙን ያየው ሰው በአንድ ሚኒባስ ተጭኖ ትርፍ ወንበር ይተርፈዋል፤ ግድ የለም። መሥሪያ ቤት ውስጥ ስለሚናከሱ ሠራተኞች፣ ግማሹ የሚያስቅ ግማሹ የሚያስለቅስ ፊልም ነው። ዳይሬክተሯ ለቀረጻ ቢሮውን ልታይ መጥታ እሱንና ፊት ለፊቱ የምትቀመጠውን ጸሐፊ ስታይ ተዋናይ መፈለጉን እርግፍ አድርጋ ተወችው። ሁለቱ ጠረጴዛ ገጥመው ስድስት ዓመት ቃል አልተነጋገሩም። ምክንያቱ የጠፋ ፋይል ነው። “የጣለችው እሷ ናት” ብሎ ለአለቃ ያቃጠረው እሱ፣ እድገቷ የቀረባት እሷ። ከወር በኋላ ፋይሉን ከራሱ ሦስተኛ መሳቢያ አገኘው። አገኘውና ቆለፈበት። ጀግና!

ዳይሬክተሯ ይህን አታውቅም፤ ኩርፊያቸውን ብቻ ወደደችው። ለመጨረሻው ትዕይንትም “ይቅርታ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ” እንዲላት ጻፈችለት። ጀግናችን ላብ በላብ ሆነ።

“ጋሼ፣ እሷን እያዩ!” አለች ዳይሬክተሯ።

“እያየሁ ነው።”

“ጣሪያውን ነው እኮ የሚያዩት! በሞቴ፣ እሷን!”

አሥራ አንድ ጊዜ ተቀረጸ። ጸሐፊዋ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ አሥራ አንድ ጊዜ ጠበቀች። በአሥራ ሁለተኛው ቃሉ ወጣለት፤ ፊቱን ወደ ፋይል ካቢኔቱ አዙሮ።

ፊልሙ የታየው ጸሐፊዋ ጡረታ በወጣችበት ዓርብ፣ ከሥራ መልስ ነው። ከኋላዋ ተቀመጠ። “ሲያልቅ እነግራታለሁ፤ ዛሬ ካልነገርኳት መቼም ላላገኛት ነው” እያለ ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ ስክሪኑ ላይ ያ ግዙፍ ፊቱ የብረት ካቢኔቱን ይቅርታ ጠየቀ። አዳራሹ ሳቀ። አንድ ባለመነጽር “ጥልቅ ነው!” አለ።

ጸሐፊዋ ዞረች።

“ብረቱስ ምን አለህ? ይቅር አለህ?”

“ፊልም እኮ ነው፣ እትዬ።”

“እሱማ ነው።” ቦርሳዋን አነሣች። “ስድስት ዓመት ሙሉ ሦስተኛውን መሳቢያ ስትቆልፍ አይቻለሁ። ሌሎቹን ስትቆልፍ ግን አንድ ቀን አላየሁህም።”

ወጣች።

አንባቢ ሆይ፣ ጉልበቷን ስለሚያማት ቀስ ብላ ነው የምትሄደው፤ ፌርማታው ጋ ለመድረስ ገና ሁለት መታጠፊያ ይቀራታል። እሱ ጎንበስ ብሎ ጫማውን እያሰረ ነው፤ ክር የሌለውን ጫማ። እባክህ፣ ቅርብ ካለህ ትከሻውን ነካ አድርገህ...