የዝንጀሮው ምዕራፍ ዱዓ

ልጄ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሲደርስባት፣ ከሚሴ በሚገኘው ቤታችን እንደ ልማዳችን ጎረቤት ጠርተን ዱዓ አስደረግን። ዱዓውን የመራው የባሌ ታናሽ ወንድም ነበር። የባዮሎጂ መጽሐፏ ላይ ከዝንጀሮ ወደ ሰው የሚሄደውን ሥዕል ካየ ወዲህ ሰላም የለውም። ከሥዕሉ አልፎ ግን አንድ መስመር አላነበበም።

«ያ ረቢ፣ ይህችን ልጅ ሐኪም አድርጋት!» አለ።

«አሚን!» አልን።

«የዝንጀሮውን ምዕራፍ ከጭንቅላቷ አጥፋላት!»

«አሚን!» አለ ቤቱ በሙሉ። እኔም በልማድ ከሁሉም ቀድሜ አልኩ።

ልጄ ክው አለች። «እማ፣ ከዚያ ምዕራፍ እኮ ጥያቄ ይመጣል!»

«ታዲያ ዝንጀሮ ነኝ ብለሽ ልትጽፊ ነው?» አላት አጎቷ።

«መጽሐፉ የሚለውን እጽፋለሁ። ማን እንደፈጠረኝ አውቃለሁ።»

«አደምን ከአፈር የፈጠረ ጌታ በአንድ ምዕራፍ አይደነግጥም» አልኩት። «አንተን ምን አስደነገጠህ?»

መግሪብ ሰግጄ ያቺን አሚኔን እንዳይቀበለኝ አላህን ለመንኩት።

ዛሬ ልጄ ሕክምና ትማራለች። አጎቷ በየሄደበት «የኔ ዱዓ ነው» ይላል። እኔ ደግሞ ግማሹን ሰምቶ ግማሹን ለተወልኝ ጌታ አልሐምዱሊላህ እላለሁ።