እማማ ዘርፌን ከካምቦ ያባረርኩ ቀን

ይህ የሆነው ባለፈው ጥቅምት፣ ዩኒቨርሲቲ ከመግባቴ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ፣ ኮኪት አጠገብ ባለው የአጎቴ የሰሊጥ እርሻ ላይ ነው። አሁን የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ማታ ዶርም ውስጥ ጓደኞቼ ስለ አገራቸው ሲያወሩ እኔም አወራለሁ፤ ይህን ግን ሁልጊዜ እዘለዋለሁ። ስለማፍርበት ነው። አልረሳሁትም።

ሰሊጥ ከደረሰ ጊዜ አይሰጥም። ፍሬው ተከፍቶ ሳይረግፍ ታጭዶና ታስሮ መቆም አለበት። ለዚህ ሥራ ከደጋ የሚወርዱትን የቀን ሠራተኞች እኛ ሳሉግ እንላቸዋለን። እርሻው ላይ በሚያድሩበት ሰፈር፣ በአጎቴ ካምቦ፣ አርባ ያህል ነበሩ። አጎቴ ለጉዳይ ወደ መተማ ዮሐንስ ሲሄድ፣ "አንተ የተማርክ ነህ፣ ተቆጣጠርልኝ። ሥራ የሚያስፈታ ሰው እንዳይገባ" አለኝ። እሱን ማስደሰት በጣም እፈልግ ነበር።

እማማ ዘርፌ የመጡት አጎቴ በሄደ በሁለተኛው ቀን፣ በምሳ ሰዓት ነው። ዕድሜያቸው ከሰባ በላይ ነው። ድሮ በየካምቦው ለሠራተኛ ወጥ ይሠሩ ነበር፤ ጉልበታቸው ሲደክም ተዉት። ከዚያ ወዲህ አጨዳ በመጣ ቁጥር ከእርሻ እርሻ እየዞሩ የእያንዳንዱን ሳሉግ የክርስትና ስም ይጠይቃሉ። መጻፍ አይችሉም። የተነገራቸውን ስም ሦስት ጊዜ ይደጋግሙና ከመቁጠሪያቸው አንድ ፍሬ ያሳልፋሉ። ያን ጊዜ ስሙን ያዙት ማለት ነው።

ለምን እንደሚጠይቁ አገሩ ሁሉ ያውቃል። ካምቦ ውስጥ ሰው የሚጠራው በቅጽል ስሙ ወይም በትውልድ አገሩ ነው። ሲሞት ግን ካህኑ ፍትሐት የሚያደርሱለት በክርስትና ስሙ ነው። ስሙን የሚያውቁት ዘመዶቹ ደግሞ ሩቅ ናቸው፤ ያን ጊዜ ለካህኑ የሚነግሩት እማማ ዘርፌ ናቸው። እኔም ይህን አውቅ ነበር። ባላውቅ ኖሮ ጥፋቴ ይቀል ነበር።

ችግሩ የክርስትና ስም ለማንም የማይነገር መሆኑ ነው። መተት የሚያሠራ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው ይባላል። እማማ ዘርፌ ዛፍ ሥር ከተቀመጡት አምስቱን ጠይቀው ሳይጨርሱ፣ ባየህ የሚባለው ጎጃሜ ካቦ ከምሳው ተነሣ።

"እማማ፣ ስማችንን የሚሰበስቡት ለማን ነው?"

"ለእግዜር።"

"እግዜርማ ድሮም ያውቀዋል! ይልቅ ጠንቋዩ የት ነው ያለው?"

ሠራተኞቹ ሳቁ። አንዱ ከኋላ፣ "ኧረ ገና በቁማችን ሊቀብሩን ነው!" አለ።

እማማ ዘርፌም ዝም የሚሉ ሰው አልነበሩም። "አንተ አፈ ሰፊ፣ በዚህ አፍህ ቀባሪም አታገኝ!" አሉት።

ጫጫታው ባሰ። ስማቸውን የነገሯቸው አምስቱ ሳይቀሩ፣ "ይመልሱልን!" ብለው ጮኹ። ባየህ ማጭዱን መሬት ላይ ጣለና "ይቺ አሮጊት ካልወጣች አንድ እሥር አናጭድም" አለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

"አንቺ ሴትዮ፣ ውጪልኝ ከዚህ!" አልኳቸው።

በሕይወቴ ትልቅ ሰው "አንቺ" ብዬ አላውቅም። እማማ ዘርፌ ግን ስድቡን አልሰሙትም መሰለኝ። ዓይናቸው ሠራተኞቹ በሚያድሩበት ዳስ ውስጥ በተጋደመው ልጅ ላይ ነበር። ደጉ ይባላል። ከበለሳ ብቻውን የመጣ፣ እኔን የሚያክል ልጅ ነበር፤ ጠዋት ራሴን አመመኝ ብሎ አልወጣም።

"ያን ልጅ ብቻ ልጠይቀው። ፊቱ አላማረኝም" አሉ።

"ማንንም አትጠይቂም!"

ክንዳቸውን ይዤ እስከ መንገዱ አወጣኋቸው። ሠራተኞቹ ከኋላዬ አጨበጨቡ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ።

በማግሥቱ ደጉ ራሱን ሳተ። በአንድ ትራክተር ተሳቢ ላይ አስተኝተን ጤና ጣቢያ አደረስነው። ወባ ነው አሉን፤ ዘግይታችኋል አሉን። በሦስተኛው ቀን ሞተ። የቤተሰቡን ስልክ የሚያውቅ አልተገኘም፤ ሙቀቱ ደግሞ አስከሬን አያቆይም።

የቀበሌያችን ካህን መጽሐፋቸውን ገልጠው፣ "የክርስትና ስሙ ማን ነው?" ብለው ጠየቁ። እርስ በርሳችን ተያየን። ባየህ መሬት መሬቱን ያይ ጀመር። ካህኑ ደግመው ጠየቁ። ከዚያ ቀባሪው በሙሉ፣ ካህኑም ጭምር፣ ለቀብሩ መጥተው ከኋላ ወደ ቆሙት ወደ እማማ ዘርፌ ተመለከተ።

"እኔን አትዩኝ" አሉ። "እሱን እዩት።" በጣታቸው አመለከቱኝ። "እጄን ይዞ ያስወጣኝ እሱ ነው።"

ካህኑ ወደ መጽሐፋቸው ተመለሱ። "ስሙን አንተ የምታውቀውን ይህን አገልጋይህን" እያሉ ጸሎቱን ጨረሱ። አፈሩ ተመልሶ ሰው ሲበተን እማማ ዘርፌ አጠገቤ ቆሙ።

"ባሌንም በዚህ አገር እንዲህ ነው የቀበሩት። ስሙን የማውቀው እኔ ነበርሁ፤ እኔ ደግሞ ዳባት ልጅ ታቅፌ ቁጭ ብያለሁ። አንተ ግን ቆመህ እያየህ ነው የከለከልኸኝ።"

በማግሥቱ ባየህ ለማንም ሳይነግር ወደ እማማ ዘርፌ ቤት ሄዶ የራሱን የክርስትና ስም ነገራቸው። በር ላይ ብዙ እንዳቆሙት በኋላ ሰማሁ። ከእሱ ቀጥሎ ሌሎቹም ሄዱ። እኔ አልሄድኩም፤ ፈራኋቸው። አጎቴ ሲመለስ የጠየቀኝ ስንት ቀን ሥራ እንደተፈታ ብቻ ነው።

ወደ ዩኒቨርሲቲ የምጓዝበት ጠዋት መናኸሪያ ቆሜ እማማ ዘርፌ ከአንድ አይሱዙ ጋቢና ሲወርዱ አየሁ። አቧራ ለብሰዋል። ለካስ አብርሃ ጅራ ሄደው፣ መንገዱ በማያስተማምንበት ሰሞን፣ ከበለሳ የወረዱ ሠራተኞችን ከእርሻ እርሻ ሲያፈላልጉ ሰንብተዋል። በመጨረሻ የደጉን የክርስትና አባት ልጅ አግኝተዋል። አርባው ሊደርስ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር።

ሲያዩኝ ቀጥ ብለው መጡ። ሰላምታ የለም። የደጉን የክርስትና ስም ነገሩኝና ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ።

"ወረቀት ላይ እንዳታሰፍረው። በቃልህ ያዝ።"

ስለዚህ እዚህም አልጻፍኩትም።

"እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ" አልኩ።

"እኔን ምን አደረግኸኝ? የበደልኸው እሱን ነው" ብለው ዞሩ።

ተከትዬ ሮጥኩና የራሴን የክርስትና ስም ነገርኳቸው።

"አልጠየቅሁህም" አሉ። ፊታቸው አልተፈታም። ግን ከንፈራቸው ሦስት ጊዜ ተንቀሳቀሰ፤ ከመቁጠሪያው አንድ ፍሬ በጣታቸው አሳለፉና ሄዱ።

አሁን ጠዋት ጠዋት ስጸልይ የደጉን ስም አነሣለሁ። ከእሱ ቀጥዬ የእማማ ዘርፌን ላነሣ እልና አፌ ላይ ይቀራል፤ የእሳቸውን የክርስትና ስም አላውቀውም። ያን ሁሉ ሰው ሲጠይቁ እሳቸውን የጠየቀ ሰው አላየሁም። ለእረፍት ስመለስ መጀመሪያ የምሄደው እሳቸው በር ላይ ነው። እንደ ባየህ ቢያቆሙኝም እቆማለሁ።