ከውስጥ የተደፈነው ቀዳዳ፦ ከደሴ አስመራ

መጀመሪያ ሰዎቹን ላስተዋውቅ። ልጄ ምሕረት፣ አሥራ አራት ዓመቷ። እኔ አባቷ፣ ደሴ ውስጥ ራዲያተር በያጅ፤ ንባቡንም ብየዳውንም ያለ መምህር የተማርኩ። የባለቤቴ እኅት ለተኪዳን፣ የአስመራ ቃሓውታ ሰፈር ነዋሪ፤ በደብዳቤ የጠራችን እሷ ናት። ዶክተሩ፣ «ስሜን ጋዜጣ ላይ እንዳያወጡት» ስላለኝ ያለ ስም ይቆይ።

ማክሰኞ ንጋት፣ ደሴ። አውቶቡሱ ጎህ ሲቀድ ተነሣ። የምሕረት አንገት በግራ በኩል በአራት ዓመት አምስት ጊዜ አብጦ መግል ቋጥሯል። አሁን በመድኃኒት ደርቋል። እዚህ የተነገረን፣ አንገቷ በቀዶ ሕክምና ቢከፈት ድምፅዋ ሊጎዳ እንደሚችል ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ መዝሙር አቁማለች።

ረቡዕ ቀትር፣ ሰንዓፈ። መቀሌ አድረን ድንበሩን አልፈናል። በለስ፣ አለት፣ የተቃጠለ ታንክ። ፓስታ በስጎ አራት ብር፤ ብራችን እዚህም ይሠራል።

«ጋሼ፣ በያጅ ነኝ ካሉ ያንን ታንክ ይበይዱልኝና አስመራ በሱ እንግባ!» አለ ሾፌሩ። ምሕረት ሳቀች፤ እኔ አልሳቅሁም።

ሐሙስ፣ አስመራ። ዘንባባ፣ ብስክሌት፣ የተጠረገ ጎዳና። ለተኪዳን «እንቋዕ ብደሓን መጻእኩም!» ብላ አቅፋ ተቀበለችን፤ ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ወሰደችን።

«ኣቦይ፣ እስካሁን ምን ተደረገላት?» አለ ዶክተሩ።

«እብጠቱ ሦስት ጊዜ ተበጣ። ሁለት መንጋጋም አስነቅያለሁ፤ ከጥርስ ነው ብዬ።»

«ጥርሶቹ ታመው ነበር?»

«አልነበሩም።»

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። መዋሸት ይቻል ነበር።

ዶክተሩ አስረዳን፦ ከልደቷ ጀምሮ ጉሮሮዋ ውስጥ በግራ በኩል ቀጭን ቀዳዳ አለ፤ ምራቅ በዚያ እየሰረገ አንገቷን ይመርዛል። በአፍ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ቀዳዳውን በኤሌክትሪክ ግለት ይተኩሰዋል፤ ሲሽር ይደፈናል። ቢላ አንገቷን አይነካም። አፈርኩ። ራዲያተር ሲያፈስ እርጥቡን ቦታ ብቻ የሚበይድ ተማሪዬን እቆጣለሁ፤ መነሻውን ፈልግ እላለሁ። በልጄ ላይ ግን እርጥቡን ስነካካ ኖርኩ።

ዓርብ ጠዋት በማደንዘዣ ተኝታ ገባች፤ አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። ስትነቃ አጠገቧ ተቀምጬ ብርድ ልብሷን ደጋግሜ አስተካክል ነበር።

«አባዬ፣ የታከምከው አንተ ነህ እንዴ? ተናገር እንጂ!» አለችኝ። ድምፅዋ ያው ነው።

«ጥርሶችሽን በከንቱ አስነቅያለሁ፤ ይቅር በይኝ» አልኳት።

«ይቅር ብያለሁ። አሁን ውኃ።»

ከጦርነት ገና በወጣ አገር፣ የፈረንጅ ሳይሆን የእኛው ሰው እጅ ይህን ሲሠራ በማየቴ ኮራሁ። አባቶች ሆይ፣ አለማወቅ አያሳፍርም፤ ሳያውቁ መወሰን ግን ያሳፍራል።

ለትኬት፣ ለሆስፒታል፣ ለመድኃኒትና ለቀለብ፣ ለተኪዳን ያወጣችልን ሃምሳ ብር ተጨምሮ፣ የሁላችንም ወጪ ሦስት መቶ ስልሳ አራት ብር ሆነ።