ከመቀሌ አክሱም፣ ሠላሳ ደቂቃ የማይሞላ

ጋሼ ገብረ ሥላሴ በአውሮፕላን የበረሩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም ቆመው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከመቀሌ መጠለያ ከሰው ጋር ታጭቀው አዲስ አበባ ወረዱ፤ ከዚያ በአውቶቡስ ኢሉባቦር፣ ሁሩሙ ደረሱ። ጫካ መነጠሩ፣ ቀፎ ሰቀሉ፣ ኦሮምኛ ለመዱ፣ ኡርጌን አገቡ። አንድ ቃል ግን ዕድሜ ልካቸውን ተከተላቸው። ከአክሱም መቀሌ ስምንት ቀን በእግር ሲጓዙ የስድስት ዓመት እህታቸውን አዝለው ነበር። ከሕሙማን ድንኳን አስተኝተዋት፣ «ውኃ ይዤ መጣሁ» ብለዋት ወጡ። በዚያው ለሰፈራ ተይዘው ተጫኑ።

እህታቸው ከሞት ተርፋ አክሱም ማደጓን የሰሙት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በስልክ ባገኘቻቸው ቁጥር «ውኃው የታለ?» እያለች ትስቅባቸው ነበር። ጦርነቱ መጣና ስልኩ ተቋረጠ። ሲከፈትም የእሷ አልጠራም። «ቀይራው ነው» አሉ።

ጦርነቱ በቆመ በዓመቱ፣ የቡና ለቀማው ሊያልቅ ሲል፣ እኔ የጎረቤታቸው ልጅ ከመቱ ዩኒቨርሲቲ ለእረፍት ስመጣ ጠሩኝ። አዲስ ጫማ አድርገው በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል።

«አንተ የተማርከው! ሐሙስ መነሳቴ ነው። መጀመሪያ መቀሌ እወርዳለሁ፤ ትቻት የወጣሁት እዚያ ነዋ። ከዚያ አክሱም በአውሮፕላን ስንት ነው?»

ስልኬን አየሁ፤ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። «በአየር መቶ አሥር ኪሎ ሜትር ግድም ነው፣ ጋሼ። በቀጥታ የሚበር ካገኙ ሠላሳ ደቂቃም አይሞላም።»

«ሠላሳ ደቂቃ!» ጭናቸውን መቱ። «ስምንት ቀን የሄድኩበትን? ወንበር ላይ ተቀምጬ? ኡርጌ፣ ሰማሽ? ጫማዬ አቧራ ሳይነካው እደርሳለሁ እኮ!»

ኡርጌ ለመንገዱ ሸሚዛቸውን እያጠበች ነበር፤ ቀና አላለችም። እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ፣ ከእሳቸው በቀር መንደሩ ሁሉ ያውቃል። እህታቸው ስልኩ በተዘጋበት ወራት መድኃኒት አጥታ ሞታለች። ወሬው በሰኔ ደርሶን ነበር። መርዶ ደግሞ እንደ ተራ ወሬ አይነገርም፤ ለቀስተኛ ተሰብስቦ፣ ማለዳ ነው የሚረዳው። የእድሩ ዳኛ ጋሼ መለሰ መጀመሪያ «ክረምት ነው» አሉ፤ ቀጥሎ «ሰው ለቀማ ላይ ነው» አሉ። ሰውዬው ጫማ ገዝተው ይነሣሉ ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ረቡዕ ጎህ ሲቀድ ደጃቸው ላይ ቆምን። በሩን ከፍተው አዩን። ማን ሞተ ብለው አልጠየቁም።

«መቼ?» አሉ።

«ሁለት ዓመት አልፏታል» አሉ ጋሼ መለሰ። «እኛ የሰማነው ግን በሰኔ ነው።»

ከሰው መሃል እኔን ፈልገው አገኙኝ። «ሠላሳ ደቂቃ ስትለኝ ታውቅ ነበር?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

ወደ ኡርጌ ዞሩ። «አንቺም ሸሚዜን አጠብሽ።»

ያን ጊዜ ሴቶቹ ጩኸቱን አቀለጡት። ኡርጌ እንደ ወጉ ፊታቸውን የሚታጠቡበት ውኃ በጣሳ አመጣችላቸው። ተቀበሏት፤ አልታጠቡበትም። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ፣ ጣሳውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ፣ እንዳይፈስ ተጠንቅቀው ቆሙ።