ዊዳድ ጠባይዋን ስታስጠይቅ

ዊዳድ ደሴ ሸዋ በር ላይ ከእናቷ ጋር ሂጃብ ስትሸጥ ያደገች የሃያ አራት ዓመት ልጅ ናት። ኮምቦልቻ ያለ አንድ ፋብሪካ የሽያጭ ሠራተኛ ፈልጎ ፎርም ሲያስሞላ ልቧ ቆመ፤ ከእናቷ ጉያ ወጥታ ራሷን የምትችልበት ሥራ እንዲህ በቀላሉ አይገኝም። ስሟን ሞላች፣ ትምህርቷን ሞላች፣ መጨረሻ ላይ «ምን ዓይነት ሰው ነዎት?» የሚል ጥያቄ መጣ። እዚያ ላይ እስክሪብቶው አልሄድ አለ።

ጓደኛዋ ኢንሻራህ አብሽሪ፣ አይዞሽ ብላ በስልክ የሚሞላ የጠባይ መፈተኛ ላከችላት። ከሱብሂ ሶላት በኋላ ስትሞላው ዝምተኛና አሳቢ ነሽ አላት። ከደንበኛ ጋር ስትከራከር ውላ ስትሞላው ደግሞ ጨዋታ አዋቂ ሆና ቁጭ። በሦስተኛው ሙከራ ሰዎችን የምትመራ ናት ተባለ፤ ወላሂ፣ የቤታቸው ድመት እንኳ አትታዘዛትም።

የራስ ጠባይ እንደ ማጅራት ነው፣ የሚያይልህ ሌላ ሰው ነው። ኢንሻራህ የቦሩ ሜዳ ልጅ ስለሆነች ሰፈሩ አያውቃትም፤ እናም በየጎረቤቱ ዞራ «ዊዳድ ጠባይዋ እንዴት ነው?» ብላ እንድትጠይቅ ተስማሙ። ለምን እንደሆነ ግን እንዳትናገር። አይ ልጅነት! እንዲህ እየዞረ የሚጠይቅ የባል ወገን ብቻ መሆኑን ሁለቱም ረሱት።

ሀጃ ሸሪፋ ድምጿ ከጓዳ አይሰማም አሉ። ልብስ ሰፊው በሺር አንገቷን ቀና ስታደርግ አላየሁም አለ። ሰባት ቤት ተጠየቀ፣ ሰባቱም መልአክ ናት አሉ። ኢንሻራህ ይህን ስትነግራት ዊዳድ ይቺን ልጅ ባገኘኋት እያለች ሆዷን ይዛ ሳቀች።

የአስር ሶላት ሳይሰገድ ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። ዊዳድ ቤት ስትገባ እናቷ ፈትሂያ ሱቁን ዘግታ ምንጣፍ ታራግፋለች፣ ጎረቤቱ ትሪ ይዞ ገብቷል፣ በሺር ለሽማግሎቹ የሚታረደውን ፍየል ቀለም ይመርጣል። እናቷ በደስታ ታለቅሳለች። ዊዳድ ፊቷን በሻርፗ ሸፍና ነገሩን ከሥሩ ተናዘዘች፣ ፎርሙንም አወጣች። ሐፍረት ምድር ተከፍታ ብትውጣት አስመኛት።

«ባል ከሌለማ እውነቱን እንናገራ» አሉ ሀጃ ሸሪፋ።

ያኔ ቤቱ ቀለጠ። በሺር ለፍላፊ ናት፣ ስትስቅ የስፌት መኪናዬ ድምፅ ይጠፋብኛል አለ። ሀጃ ደግሞ ታምሜ ሳምንት ሙሉ አጠገቤ ቁጭ ስትል አንድ ቃል አልወጣትም ብለው ተቆጡት። አንዷ ግትር ስትላት ሌላዋ ሆደ ቡቡ አለች። እናቷ ሁለቱም ናት ብላ ገላገለች። የመግሪብ ሶላት እስኪደርስ ተሟገቱ፣ አልተስማሙም። ዊዳድ ግን እየሳቀች እንባዋ መጣ፤ ይህን ያህል እንደሚያውቋት አታውቅም ነበር። ያሉትን ሁሉ ፎርሙ ላይ ጻፈችና ሰባቱንም አስፈረመቻቸው።

ሐሙስ የሐረጎን ቁልቁለት በሚኒባስ ወርዳ ኮምቦልቻ ገባች። የፋብሪካው ኃላፊ ጋሽ ወንድምአገኘሁ አነበቡ፣ ሳቁ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ።

«እና ከነዚህ አንቺ የትኛዋ ነሽ?»

«እኔ እንጃ ጋሼ። ግን ሁሉም አውቀውኝ ነው የፈረሙት።»

ሰውየው እስክሪብቶ አንስተው ከሰባቱ ፊርማ ሥር የራሳቸውን ስም ፈረሙና ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሥራ ግቢ አሏት።