ጥላሸት የጠጣችው ቦርድ

መቱ መናኸሪያ አጠገብ አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ነበረች። ባለቤቷ ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግኑ ሙስሊም ሰው ነበሩ፤ ጋሼ እላቸው ነበር። ስማቸውን አልጽፍም፤ በሰው አፍ መግባት አይወዱም። የአለቃዬንም ስም አልጽፍም። እሱን ግን አክብሬው አይደለም።

እኔ በዚያን ጊዜ የአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። የመጋዘኑ ቁልፍ በእጄ ነው። ከሥራ ስወጣ በመናኸሪያው በኩል ዞሬ እሄዳለሁ፤ መንገዱ ይረዝማል፣ ግን ሱቋ ያለችው በዚያ ነው። በሩ ላይ በርጩማ ነበረች። የሚጠገን ነገር ያለኝ ለማስመሰል አንድ የሞተ የእጅ ባትሪ ይዤ ስመላለስ ሦስት ወር ሞላኝ።

"እትዬ፣" አሉኝ አንድ ቀን፣ "እሱ ባትሪ አርፏል። ይቅበሩትና እርስዎ ዝም ብለው ይምጡ።"

ከዚያ ወዲያ ዝም ብዬ መጣሁ።

ሰው ከያዮም ከቡሬም ከሁሩሙም በፌስታል የተጠቀለለ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ እያመጣ "ይሄ የምንድን ነው?" ይላቸዋል። ቀፎው የለም፤ ጽሑፍ የለበትም። ጋሼ መጀመሪያ ያሸቱታል። ሌላ ቦታ ያለ ጠጋኝ ይስቅ ይሆናል። እኛ አገር ግን ዝናቡ መቆሚያ ስለሌለው፣ ሰው ሬዲዮውን እርጥበት እንዳይበላው ብሎ ከምድጃው በላይ ቆጥ ላይ ያኖረዋል። ከእርጥበት ይተርፍና በጭስ ይሞታል። ጋሼ ጥላሸቱን አሽትተው ቤቱን ይነግሩሃል፤ ሰም ሰም ከሸተታቸው ባለቤቱ ንብ አለው። ከዚያ ወደ ፀሐይ ያነሱትና መስመሮቹን በጣታቸው ይከተላሉ፤ ወንዝ ይዞ እንደሚወርድ ሰው ናቸው። "ኃይል በዚህ ይገባል፣ ድምፅ በዚህ ይወጣል" ይላሉ። ሲሳሳቱ አይቼ አላውቅም ብል ውሸት ነው፤ ሁለቴ ተሳስተዋል። ሁለቱንም ጊዜ እየጮኹ ለሰፈሩ ሁሉ ተናገሩ። ስህተቱን እንዲህ የሚናገር ወንድ በመሥሪያ ቤታችን አላየሁም።

ብየዳ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እቤት መበየጃ ስለሌለኝ ምስማር በከሰል እያጋልኩ ነበር የምሠራው። እርሳሱ ይከመርብኛል። "እትዬ፣ ይሄ ብየዳ ነው ወይስ ኩይሳ?" እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ሁሩሙ ሄጄ ከቁርጥራጭ ብረት ክምር ውስጥ አንዲት ጥቁር ቦርድ አገኘሁ። የምን እንደሆነች አላወቅኩም። ለጋሼ ላሳያቸው አልኩና ተውኩት፤ ራሴ ላገኘው እልህ ያዘኝ። ብዙ እሑድ ፈጀችብኝ። ጣቴን ተቃጠልኩ። በመጨረሻ የኤርፎን ሽቦ ቆርጬ አንድ ቦታ ላይ በየድኩት፤ ሌላውን ጫፍ ሞባይሌ ላይ ሰካሁት። ከእሷ ጋር ያያዝኩት አሮጌ ስፒከር ተንኮሻኮሸና ዘፈነ። ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ይህን በበር በኩል ያየችው የወንድሜ ሚስት ናት። "ሴትዮዋ ሽቦ መብላት ጀመረች፤ ቦርድ በሞባይል ታዘፍናለች" ብላ አወራች፤ ወሬው አለቃዬ ዘንድ ደረሰ። የእሷ ሪሞት ሲበላሽ ዛሬ ወደ ማን እንደምትሮጥ አልናገርም።

በዚያው ሰሞን የመሥሪያ ቤቱ አምፕሊፋየር፣ በስብሰባ ጊዜ ድምፅ የምናጎላበት፣ አልናገር ብሎ ሲከፈት ቦርዱ የለም። አለቃዬ ቦርዴን አስመጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖራት። በዕድሜ ታላቁ ነኝ፤ "አንቺ" እያለ ነው የሚጠራኝ።

"አንቺ፣ ይሄ ከየት መጣ?"

"ከገበያ። እንዳለች ነው የገዛኋት። እኔ ሽቦ ነክቼ አላውቅም።"

ዋሸሁ። የመጋዘን ቁልፍ የያዘች ሴት መበየድም ትችላለች ከተባለ ፍርዱ አለቀ ብዬ ፈራሁ። ሃያ ዓመት ያገለገልኩበት ቤት ሌባ ብሎ ሊያባርረኝ ነበር። በዚህ ከተማ ሌባ የተባለ ሰው ደግሞ መንገድ ላይ ሰላምታ አያገኝም።

አለቃዬ ነገሩን በምስክር ሊጨርስ ፈለገ። አምፕሊፋየሩን ዘበኛው ተሸከመ፤ እኔ ከኋላ ተከተልኩ። ሱቋ በር ላይ ደርሰን ቦርዷን ለጋሼ ሰጣቸውና "የዚህ አምፕሊፋየር ናት ብለህ ጻፍልኝ" አላቸው።

ጋሼ ተቀብለው አሸተቷት። በጥርስ ብሩሽና በቤንዚን አንድ ጥጓን አጠቡና ወደ ፀሐይ አነሷት።

"ይቺ ብዙ ዓመት ቆጥ ላይ ኖራለች። ጥላሸቱ ከሥር ድረስ ገብቷል። መሥሪያ ቤታችሁ ምድጃ አለው?"

ዘበኛው ሳቀ፤ ወዲያው ዋጠው።

"ስድስት ድንጋይ የሚበላ ቴፕ ውስጥ ነበረች። የእናንተው በመብራት ነው የሚሠራው።"

"ቴፕ ከሆነች በሞባይል እንዴት ትዘፍናለች? ባለሙያ ነክቷታል!" አለ አለቃዬ።

"ባለሙያማ ነክቷታል" አሉ። ገለበጧትና ቀና ብለው አዩኝ። እኔ ራሴን ነቀነቅኩ፤ አይናገሩ ማለቴ ነው። ተናገሩ።

"ብየዳው የእትዬ ነው። ኩይሳ የሚያስመስሉት እሳቸው ብቻ ናቸው። ግን የድምፁን መግቢያ ማንም ሳይረዳቸው አግኝተውታል። እኔ ጀማሪ ሳለሁ ይህን አልችልም ነበር።"

"አየሽ!" አለ አለቃዬ። "ነክቼ አላውቅም አላልሽም?"

"ብያለሁ። ዋሽቼ ነው" አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

"ታገሱ፣" አሉ ጋሼ፣ "በብሎኑ ቀዳዳ ልክ እንያት።" አምፕሊፋየሩን ፈትተው ቀፎውን ዘንበል ሲያደርጉ፣ ከውስጡ ሦስት ደረቅ የቡና ፍሬዎች ተንከባለው ወጡ።

"ኩን ቡነ ሚቲ?" አለ ዘበኛው ሳያስበው በኦሮምኛ፤ ቡና አይደለም እንዴ ማለቱ ነው።

"መሥሪያ ቤታችሁ የቡና ማስጫ አልጋም አለው ማለት ነው" አሉ ጋሼ።

ዘበኛው አንገቱን ደፋ። አለቃዬ "ለስብሰባ ነው" ብሎኝ ያለ ወረቀት የወሰደው አምፕሊፋየር ያዮ ላይ ዘመዱን ሲድር ውሎ ነበር። የተሸከመው ዘበኛው ነው፤ ያስረዳንም እሱ። ዝናብ መታው። ቦርዱን አውጥተው ከነቀፎው፣ እዚያ እርጥብ ነገር ሁሉ እንደሚሰጣው፣ ቡናው አጠገብ ማስጫው አልጋ ላይ አሰጡት። ከሰዓት ዳመናው ሲመጣ ቡናው በጥድፊያ ተጠራርጎ ጆንያ ገባ፤ ቦርዱም አብሮ። የእኔይቱን ለክተው አዩአት፤ በስፋቷም በቀዳዳዋም የማትገናኝ ናት።

"በቃ፣ ነገሩ ይዘጋ" አለ አለቃዬና ሄደ። ይቅርታ አላለኝም። ጡረታ ስወጣ ስለ ታማኝነቴ ንግግር ሲያደርግ በአዲስ አምፕሊፋየር ነበር፤ አላጨበጨብኩም።

ከጋሼም ጋር ተኳረፍኩ። ስሜን አተረፉልኝ፣ ግን በምንቀው ሰው ፊት ውሸቴን ገለጡብኝ። ሳምንት ሙሉ በሌላ መንገድ ሄድኩ። ከዚያ ሳስበው፣ እጄን ቢደብቁልኝ ኖሮ "ማን ነካት?" የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ ይከተለኝ ነበር። ደግሞ የተናገሩትን ቃል በቃል አስታወስኩት። በሃያ ዓመት አገልግሎቴ ማንም ስለ እጄ እንዲያ ብሎ አያውቅም።

በስምንተኛው ቀን በመናኸሪያው በኩል ተመለስኩ። በርጩማዋ በቦታዋ ናት፤ ላይዋ ላይ አንድ ጽሑፍ የሌለው ቦርድ ተቀምጧል። ጋሼ ከሥራቸው ቀና አላሉም።

"ይሄስ የምንድን ነው?" አሉ።

አነሳሁት። መጀመሪያ አሸተትኩት።