ጋሼ ፈለቀ ጥቁር ቢራ ሲቀምሱ

ሽታ በጥፊ መትቷችሁ ያውቃል? እኔን መትቶኛል። ባለፈው ወር እዚህ ሎስ አንጀለስ፣ ዌስትውድ ሰፈር አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ቤት ተጠርተን ሳለን ባሏ ከጓዳ ጥቁር ጠርሙስ ይዞ መጣና ክዳኑን ፈነቀለው። ቢራው የብርጭቆውን ግማሽ እንኳ ሳይሞላ ሽታው እኔ ዘንድ ደረሰ፤ የተቆላ ገብስ፣ ያረረ ስኳር፣ ዝናብ የመታው እንጨት። ሳላስበው ክንዴን አንስቼ ፊቴን ጋረድኩ። ማንም አልሰነዘረብኝም። "ሐናዬ፣ ኦኬ ነሽ?" አለች ባልደረባዬ። ኦኬ ነኝ አልኩ እንጂ አልነበርኩም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ በጋሼ ፈለቀ ሱቅ ውስጥ፣ ደምና በርበሬ በተቀላቀለበት ወለል ላይ ቆሜ ነበር።

አስተማሪ ነኝና ነገርን ከመጀመሪያው ካላስረዳሁ ደስ አይለኝም። ከቢራው ልጀምር። ብዙዎቻችን የምናውቀው ቢራ ቢጫ ነው፤ በጣም ቀዝቅዞ ይቀርባል፣ ጥማት ይቆርጣል፣ ያልቃል። እንግሊዞች ኤል የሚሉት ሌላ ቢራ አላቸው፤ ከእሱም ውስጥ ጥቁርና ብርቱ የሆነ አለ። እንደ ጠላችን ከገብስ ብቅል ይሠራል። ከብቅሉ ከፊሉ እስኪጠቁር ይቆላል፤ እኛ አሻሮ እንደምናምሰው ማለት ነው። በጌሾ ፋንታ አንድ መራራ አበባ ይገባበታል። ከዚያም ወራት ይቆያል። ሲቀዳ መልኩ የጠላ፣ ጉልበቱ ግን የጠጅ ነው። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ ደም ያፈሰሰው እሱን መርሳት ነው።

የጋሼ ፈለቀ ሱቅ እናቴ ወጥ ከምትሠራበት ምግብ ቤት ጎን ነበር። ጠባብ ነው። በግራ በኩል በርበሬ፣ ሽሮና ኮረሪማ የተሞሉ ትልልቅ የመስታወት ዕቃዎች፣ በቀኝ የቪዲዮ ካሴቶች፣ ከባንኮኒው በላይ በላስቲክ የታሰሩ የስልክ ካርዶች። ከትምህርት ቤት ስመለስ የጤፍ ከረጢት ላይ ተቀምጬ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። ጋሼ ፈለቀ ያኔ ስልሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ አጭር፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ የጣቶቻቸው መገጣጠሚያዎች ያበጡና የተጣመሙ። እኛ እዚህ ያደግን ልጆች አንቱታ አይሆንልንም፤ "ጋሼ፣ እጅህን ምን ነካው?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"የሰው መንጋጋ" አሉኝ።

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ቀልድ አልነበረም። ወደ ሎስ አንጀለስ ከመምጣታቸው በፊት በወጣትነታቸው እንግሊዝ አገር አንድ መጠጥ ቤት ምድር ቤት ውስጥ በርሜል ያገላብጡ ነበር። ያገኙትን ሁሉ ይጠጡ፣ የተናገራቸውን ሁሉ ይመቱ ነበር። አንድ ቀን የአንድ ሰው መንጋጋ ሰበሩ። በማግስቱ ምድር ቤቱን የሚጠብቀው ሽማግሌ እንግሊዛዊ ጠራቸውና ከጥቁሩ ቢራ አንድ ብርጭቆ ቀዳላቸው። "ውስጡ ያለውን ሦስት ነገር ሳትነግረኝ እንዳትውጥ" አላቸው። አፋቸውን ሞልተው ቆሙ። ስም ሲፈልጉ፣ ሲፈልጉ፣ ንዴታቸው እንደ አረፋው ቁጭ አለ። "ስም የሚፈልግ ሰው ቡጢ አይጨብጥም" ይሉኝ ነበር።

እሑድ እሑድ በዘጠኝ ሰዓት፣ ፀሐይ በሱቁ መስኮት ገብታ ወለሉን ስታጋምስ፣ ከማይሸጠው መደርደሪያ አንድ ጠርሙስ ያወርዳሉ። አንድ ብቻ። ፍሪጅ ውስጥ አያስገቡትም። "ብርድ ምላስን ያስራል" ይላሉ። ብርጭቆውን አጋድለው በዝግታ ይቀዳሉ፤ አረፋው የቡላ ገንፎ መልክ ይዞ ይነሳል። ወደ መስኮቱ ከፍ ሲያደርጉት ጥቁሩ ጥቁር አይደለም፤ ጠርዙ ላይ ደም የመሰለ ቀይ ይታያል። ከዚያ ያሸታሉ፣ ዓይናቸውን ከድነው። "አሻሮ። ተምር። የዳቦ ቅርፊት።" ከዚያ ጥቂት ይጎነጫሉ። መጀመሪያ ጣፋጭ፣ መሐሉ መራራ፣ ሲወርድ ደረት የሚያሞቅ እንደሆነ እየተከተሉ ይነግሩኛል። አንዱ ጠርሙስ አንድ ሰዓት ሙሉ ይፈጃል። እማዬ ጴንጤ ናት፤ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ በሩ ላይ ቆማ "ጋሼ፣ ጌታ ይማርዎት" ትላቸዋለች።

"አሜን እቴ። ግን ልጨርሰው።"

አባቴ ሰሎሞን ታክሲ ነበር የሚነዳው። ቢራው ቢጫው ነው፤ በካርቶን ገዝቶ ሶፋው ላይ ይጨርሰዋል። ፓልምስ ሰፈር በነበረው አፓርትመንታችን የመታጠቢያ ቤቱ በር በቡጢ ተበስቶ ነበር፤ ቀዳዳውን እማዬ በካላንደር ሸፈነችው። አንድ ጊዜ ፓርኪንግ ላይ "ቦታዬን ወሰድክ" ያለውን ሰውዬ የመኪናውን መስታወት በክርኑ ሰበረበት። እማዬን ሲመታት የሚወጣውን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ ደረቅ ነው፣ ቀጥሎም ዝምታ ይመጣል። አንድ ጠዋት የእጇን አንጓ በሻሽ አስራ፣ ቁርስ እያቀረበች፣ ድምፅዋን ሳታነሳ እንዲህ አለችው፦ "አንድ ጊዜ ብቻ ይቀርሃል ሰሎሞን። ከዚያ በኋላ ሐናን ይዤ እሄዳለሁ።"

እኔ ሁለቱንም እፈልግ ነበር። የፈለግሁት ይሄን ብቻ ነው፤ ያ አንድ ጊዜ እንዳይመጣ። ስለዚህ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከረጢቱ ላይ ተቀምጬ አሰብኩና ቅዳሜ ጋሼ ፈለቀን ለመንኳቸው። "ጋሼ፣ አባዬንም አስተምረው። እንዳንተ ይጠጣ።" ያበጡ ጣቶቻቸውን ቁልቁል አዩ። ዛሬ ሳስበው እምቢ ማለት ነበረባቸው፤ ለጠጪ መጠጥ ማስተማር እሳትን በቤንዚን ማጥፋት ነው። እሳቸው ግን በገዛ እጃቸው ላይ ሲሠራ አይተውታል። "እስቲ ይምጣ" አሉ።

መጣ። ጠርሙሱን ዳሰሰና ሳቀ። "ጋሼ፣ ይሄ ሞቋል እኮ! እንግሊዝ ፍሪጅ የለም እንዴ?"

"ፍሪጅ አላቸው። ችኮላ ነው የሌላቸው።"

"መልኩስ? ቢራ ነው ወይስ የሞተር ዘይት?"

"ሦስት ነገር ሳትነግረኝ እንዳትውጥ።"

አባቴ ጉንጩን ሞልቶ እንደ ሕፃን ዓይኑን አፈጠጠ። መጨረሻ ላይ ዋጠና "ዘቢብ" አለ። "ሌላው ጠፋኝ።" ብርጭቆዋን ለመጨረስ ሃምሳ ደቂቃ ፈጀ። በሩ ላይ የቆመችው እማዬ ግድግዳውን ይዛ ስትተነፍስ አየኋት። በሁለተኛው እሑድ ሁለት ነገር አገኘ፣ በሦስተኛው ሦስቱንም። ሦስት ሳምንት በቤታችን ምንም አልተሰበረም። ሌሊቱን ሙሉ ሳልነቃ ተኛሁ።

በአራተኛው እሑድ ፋሲካ ዋለ። ጋሼ ፈለቀ ሦስታችንንም ምሳ ጠሩን፤ ባንኮኒው ላይ ዶሮ ወጥ ቀረበ፣ ሱቁ ተዘጋ። እዚህ ላይ ጠንቅቄ ላስረዳ፤ ከሁሉም የከፋው ስህተት የተሠራው በጡጫ ሳይሆን በመልካም አስተዳደግ ነው። ጋሼ ፈለቀ ብቻቸውን ሲሆኑ እንደዚያ ሽማግሌ እንግሊዛዊ ይጠጡ ነበር። እንግዳ ፊት ግን ሐበሻ ናቸው። የእንግዳ ብርጭቆ ሲጎድል ዝም ብሎ ማየት ነውር ነው። አባቴ የመጀመሪያውን በሥርዓቱ ጨረሰ፤ ሦስቱንም ስም ተናገረ። ከዚያ እጁን ብርጭቆው አፍ ላይ ጫነ።

"ጋሼ፣ ይበቃኛል።"

"በፋሲካ? አንድ እኮ ያጣላል!"

"እውነቴን ነው፣ ይብቃኝ።"

"በሞቴ! አፈር ስሆን!"

በእኛ ዘንድ የእንግዳ የመጀመሪያ እምቢታ እምቢታ አይደለም፤ ይሉኝታ ነው። ሁለተኛውም እንደዚያው። አባቴ በሕይወቱ ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ ይበቃኛል ሲል ማንም አላመነውም። እጁን አነሳ። ተቀዳለት። ጎደል ሲል ተሞላለት። እንደ ጠላ፣ በላይ በላይ። ሦስት ነገር መጥራቱ ቀረ። አራተኛው ጠርሙስ ሲከፈት አንገቱ ላይ ያለችው ሥር ስትነሳ አየሁ፤ ያቺን ሥር ከማንም በላይ የማውቃት እኔ ነበርኩ። አፌ ግን አልተከፈተም።

"ሰሎሞን፣ ይብቃህ" አለች እማዬ በለሆሳስ። "ድራይቭ ታደርጋለህ እኮ።"

ያ ደረቅ ድምፅ መጣ። እማዬ ከነወንበሯ ወደ ኋላ ሄዳ ካሴቶቹ ላይ ወደቀች፤ ካሴቶቹ በላይዋ ተናዱ። አባቴ ጠርሙሱን አንገቱን ይዞ ተነሳ። ጋሼ ፈለቀ መሐል ገቡ። ትከሻቸው ያኔም ሰፊ ነበር፣ ቡጢ መጨበጥም ይችሉ ነበር፤ አልጨበጡም። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ብቻ "ልጄ፣ ሰሎሞን፣ ምን ምን አለው? ንገረኝ፣ ምን ምን—" እያሉ ነበር። በጠርሙሱ ግንባራቸውን መታቸው። ሲንገዳገዱ በቡጢ አፍንጫቸው ላይ ደገማቸው። ጀርባቸው መደርደሪያውን መታ፤ የበርበሬው ዕቃ ከላይ ወርዶ ፈነዳ። ቀይ ብናኝ ሱቁን ሞላው። ሁላችንም ታፈንን። አባቴ ዓይኑን እያሸ፣ እያሳለ፣ በጭፍኑ እየሰነዘረ፣ አየሩን፣ ግድግዳውን፣ የስልክ ካርዶቹን ይመታል። እማዬ ከንፈሯ ተሰንጥቆ ወደ እኔ ዳኸችና አፌን በነጠላዋ አፈነችልኝ። ወለሉ ላይ ቢራው፣ በርበሬውና የጋሼ ፈለቀ ደም አንድ ላይ ይፈሱ ነበር። ሽታቸው እስከ ዛሬ አልተለያየልኝም።

የጎረቤት ሰው ፖሊስ ጠራ። በሳምንቱ ሦስት ሽማግሌዎች ሱቁ ድረስ መጡ። "የቤት ገመና ነው ጋሽ ፈለቀ። አዳልጦኝ ወደቅሁ በሉ፤ ሰሎሞን የመኖሪያ ወረቀቱ ይበላሽበታል።" ጋሼ ፈለቀ ግንባራቸው በፋሻ እንደተጠቀለለ "አልወደቅሁም" አሉ። "ተመታሁ። እሷም ተመታች። ለምኜ ያጠጣሁት እኔ ነኝ፤ እሱንም እናገራለሁ።" ሦስቱንም ነገር ለዳኛው ተናገሩ። አባቴ ታሰረ፤ ሲወጣ ወደ ሌላ ስቴት ሄደ። እማዬ ቃሏን ጠበቀች፤ ፒኮ ሮበርትሰን ሰፈር አንድ ክፍል ተከራየንና ከዚያ በኋላ ማንም በር አልበሳብንም።

የእኔን ጥፋት ለወራት ደበቅሁት። በመጨረሻ ከረጢቱ ላይ ተቀምጬ እያለሁ አመለጠኝ። "አስተምረው ያልኩህ እኔ ነኝ።"

ጋሼ ፈለቀ ብርጭቆ ይወለውሉ ነበር። "ቢራው እጅ የለውም" አሉኝ። "አንቺም ስትለምኚኝ የያዝሽው እርሳስ ነው። የመታው እሱ ነው። 'ይበቃኛል' ሲለኝ ያልሰማሁት ደግሞ እኔ። ለሌላ ሰው የተረፈ ጥፋት የለም።"

ከዚያ ጠርሙስ አወረዱ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። አጋድለው ቀዱት። ወደ መስኮቱ አነሱት። አሸተቱ። ደግመው አሸተቱ። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። ተጎነጩና ብርጭቆውን አስቀመጡ። "ውሃ ነው" አሉ። "የሚመር ውሃ።" ሐኪሙ ነግሯቸው ኖሯል፤ ግንባር ሲመታ ከአፍንጫ ወደ አንጎል የሚሄዱት ቀጫጭን ነርቮች ሊበጠሱ ይችላሉ፣ ብዙ ጊዜም አይመለሱም። ምላስ ብቻውን ጣፋጩንና መራራውን ይለያል፤ ተምሩን፣ አሻሮውን፣ የዳቦውን ቅርፊት የሚያመጣው አፍንጫ ነው። ይህን አሁን ለተማሪዎቼ በሥዕል አሳያለሁ። ያኔ ያየሁት ግን የሽማግሌ ዓይን እንባ ሲሞላ ነው።

"ነይ" አሉኝ ቆይተው። "አትቅመሺ። አሽትቺና ንገሪኝ።"

አሸተትኩ። "ጥሩ ነው።"

"ጥሩ ነው ምን ማለት ነው? ዕውር ሰው 'ምን ይታያል?' ቢልሽ 'ጥሩ ነው' ትይዋለሽ?"

እንደገና አሸተትኩ። የመጣልኝን መናገር ፈራሁ። ጠበቁኝ። "ደም" አልኩ። "ደም ይሸተኛል ጋሼ።"

አልተቆጡም። ራሳቸውን ነቀነቁ። "እሺ። አንድ አልን። ከእሱ ኋላ ምን አለ?"

ከኋላው ያረረ ስኳር ነበር። ከዚያም ኋላ፣ በጣም ሩቅ፣ ዘቢብ። ዘቢብ የመጀመሪያው እሑድ የአባቴ ቃል ነበር። ጋሼ ፈለቀ ዓይናቸውን ከድነው፣ ብርጭቆውን ይዘው፣ የነገርኳቸውን በዝግታ እየጠጡ ነበር።

ለአሥራ ሁለት ዓመታት እሑድ እሑድ አፍንጫቸው ሆንኩ። ሃያ አንድ ዓመት ሲሞላኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእኔም ቀዱልኝ፤ አንድ፣ ያለ በሞቴ። ደሙ በየዓመቱ እየራቀ ሄዶ ነበር፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም፣ እኔም ደብቄያቸው አላውቅም። ካረፉ አራት ዓመት ሆናቸው። ሱቁ አሁን የፀጉር ቤት ነው። የተዉልኝ ዕቃ የለም። የተዉልኝ አንድ ልማድ ነው፤ ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ "ምንም አይደል፣ ደህና ነኝ" ሲለኝ አጠገቡ ቁጭ ብዬ "እሺ፣ ከእሱ ኋላስ ምን አለ?" እለዋለሁ፣ እስኪነግረኝም አልቸኩልም።

እናንተም ሞክሩት። ቢራ ካልነካችሁ የገብስ ቆሎ ይሁን፣ የብርቱካን ልጣጭ ይሁን። በዕድሜ፣ በሕመም ወይም በዱላ ሽታ ያጣ ሰው ከመካከላችሁ አይጠፋም። አጠገቡ ተቀመጡና አሽትታችሁ ንገሩት። መጀመሪያ የመጣላችሁ ነገር የሚያስፈራ ቢሆንም አትዝለሉት፤ ስሙን ጥሩለት፣ ከዚያ ቀጥሉ።